ካልደፈረሰ አይጠራምን? የወንዝን ወለል አምሶ ዓሣ ማጥመድና የክልከላው ታሪክ



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያየ አንድ ባልደረባዬ «ዓሣ አጥማጅ በእግሩ ጠጠር ቢያምስ ባያምስ ለታሪክ ክፍል ምን ይጨምራል?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕግ አንድን ድርጊት ሲከለክል ማንን እንደሚያይና ማንን እንደማያይ ለመመርመር፣ ትንሽ ድርጊት ከትልቅ ድርጊት ይልቅ ይመቻል ብዬ አምናለሁ። ስለ መሬት ይዞታ ወይም ስለ ግብር ስንከራከር እያንዳንዳችን ከየወገናችን ቆመን ነው። በወንዝ ጠጠር ላይ ግን ገና ወገን አልያዝንም።

ድርጊቱ ቀላል ነው። ጥልቀት በሌለው ወራጅ ውኃ ውስጥ የቆመ አጥማጅ እግሩን እየጎተተ ወይም በዘንግ እየጫረ የወንዙን ወለል ያምሳል። ከጠጠሩ ሥር ተደብቀው የሚኖሩ ትሎችና የነፍሳት እጮች ከደለሉ ጋር ተነሥተው በውኃው ይወሰዳሉ። ከታች በኩል ያለው ዓሣ ድፍርሱን እንደ ማዕድ ጥሪ ይቆጥረዋል፤ ተሰልፎም ወደ አጥማጁ እግር ይቀርባል። አጥማጁ መንጠቆውን እዚያው ድፍርስ ውስጥ ይለቃል። ይህ ይከልከል ወይስ ይፈቀድ? በሌሎች አገሮች ክርክሩ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ሕግም ወጥቶበታል።

በቋንቋችን «ማደፍረስ» ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። ሰላም አደፍራሽ እንላለን፣ ነገር አደፈረሰ እንላለን፤ ወዲያውም «ካልደፈረሰ አይጠራም» ብለን ድፍርሱን የጥራት በር እናደርገዋለን። የዚህ ክልከላ ታሪክም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲዋዥቅ የኖረ ይመስለኛል። ከአንድ አዋጅ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከእንግሊዝ ልጀምር፤ ሰነዱ የበዛው እዚያ ነውና። በቴምዝ ወንዝ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አንድ የታወቀ የበጋ መዝናኛ ነበር። ጋጅን የሚባል ከጣት ብዙም የማይበልጥ ዓሣ አለ፤ በጠጠራማ ወለል ላይ በመንጋ ይኖራል። አጥማጆቹ ጠፍጣፋ ጀልባ ወንዙ መካከል ያቆማሉ፤ ጀልባ ቀዛፊው ረጅም እጀታ ያለው ከባድ የብረት መጫሪያ ወደ ወለሉ ሰድዶ ጠጠሩን ይጭራል። ድፍርሱ ሲነሣ የጋጅኑ መንጋ ይሰበሰባል። ዓሣው መንከስ ሲያቆም መጫሪያው እንደ ገና ይወርዳል። ስለ ማጥመድ የተጻፉ የዘመኑ መጻሕፍት ይህን የሚገልጹት እንደ ነውር አድርገው አይደለም፤ ለሴቶች፣ ለልጆችና ለጀማሪዎች የሚስማማ ጨዋ ጨዋታ አድርገው ነው። የቴምዝ አጥማጆች ወንዛቸውን ለመጠበቅ በ1838 ማኅበር እስከ መመሥረት የደረሱ ሰዎች ነበሩ፤ መጫሪያውን ግን የወንዝ ጠላት አድርገው አላዩትም። ዛሬም ቢሆን በዚያው አገር ቴንች የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ የኩሬ ወለል በመጫሪያ መቧጠጥ የተለመደ ዘዴ ነው።

እንግሊዝ ግን ስለ ዓሣ ሕግ ማውጣት የጀመረችው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አይደለም። በ1215 የማግና ካርታ ሠላሳ ሦስተኛ አንቀጽ በቴምዝ፣ በመድዌይና በመላው እንግሊዝ፣ ከባሕር ዳርቻ በቀር፣ በወንዞች ላይ የተሠሩ የዓሣ ማጥመጃ ግርዶች ሁሉ እንዲነሡ አዝዟል። ብዙ ሰው ይህን የመጀመሪያው የዓሣ ጥበቃ ሕግ አድርጎ ይጠቅሰዋል፤ እኔ አልስማማም። ግርዶቹ የተጠሉት በዋነኛነት የጀልባን መንገድ ስለ ዘጉ ነው። እውነተኛው የዓሣ ሕግ በ1285 የወጣው የዌስትሚንስተር ሁለተኛ ድንጋጌ ነው። ሳልመን በተዘረዘሩት ወንዞች ከእመቤታችን ልደት እስከ ቅዱስ ማርቲን በዓል፣ ማለትም ከመስከረም 8 እስከ ኅዳር 11፣ እንዳይያዝ ከለከለ። ታዳጊዎቹ ሳልመኖች ደግሞ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ መጥምቁ ዮሐንስ ልደት ድረስ በወፍጮ ኩሬዎች በመረብ እንዳይጠመዱ አዘዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ የጣሰ መረቡ ይቃጠላል፤ ሁለተኛ ከተያዘ የሩብ ዓመት፣ ሦስተኛ ከተያዘ የሙሉ ዓመት እስራት ይጠብቀዋል።

የበዓላቱን ስም ልብ በሉ። ያ ሕግ የተጻፈው ለዓሣ ሊቃውንት አልነበረም፤ ዘመኑን በቅዱሳን በዓል ለሚቆጥር ገበሬ ነበር። የእኛም ገበሬ ዝናብን ከየትኛው በዓል በፊትና በኋላ እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለው ሕግ ሰው በሚያውቀው ነገር ላይ ስለሚቆም ለመታዘዝ ይቀላል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የ1285 ድንጋጌ ያልያዘው ነገር የወንዙ ወለል ነው። ወቅቱንና መሣሪያውን እንጂ ጠጠሩን አላየም፤ ሊያየውም አይችልም ነበር። ዓሣ ዕንቁላሉን በጠጠር ውስጥ ቀብሮ እንደሚሄድና ዕንቁላሉም ለወራት እዚያው ሆኖ ንጹሕና አየር ያለው ውኃ እንደሚያሻው በትክክል የታወቀው ቆይቶ ነው። በ1763 ስቴፋን ሉድቪግ ያኮቢ የተባለ ጀርመናዊ የትራውትንና የሳልመንን ዕንቁላል በእጁ አዳቅሎ፣ በጠጠር በተሞላና ውኃ በሚፈስበት ሣጥን ውስጥ እንዳስፈለፈለ ጽፎ አሳተመ። በ1830ዎቹ ደግሞ ጆን ሾው የተባለ የስኮትላንድ ሰው፣ የተለየ ዘር ነው ሲባል የኖረው «ፓር» የተባለው ትንሽ ዓሣ የሳልመን ልጅ መሆኑን ዓሣዎቹን በኩሬ አሳድጎ አሳየ። እስከዚያ ድረስ ሰዎች ፓርን በቅርጫት ሙሉ ሲያወጡ የሳልመንን ልጆች እየጨረሱ መሆናቸውን አያውቁም ነበር።

ከዚህ ዕውቀት በኋላ የሕጉ ቋንቋ ተለወጠ። በ1868 የወጣው የስኮትላንድ የሳልመን ሕግ የሳልመንን ዕንቁላል መጉዳትን ብቻ ሳይሆን፣ ዕንቁላል የሚጣልበትን ወለል፣ ዕንቁላል ሊኖርበት የሚችለውን ዳርቻና ጥልቀት የሌለውን ሥፍራ ማወክንም ወንጀል አደረገ። በእንግሊዝና በዌልስ በ1975 የወጣው የሳልመንና የጣፋጭ ውኃ ዓሣ ሕግም ተመሳሳይ ቃል ይዟል፤ ዕንቁላልን፣ ዕንቁላል በመጣል ላይ ያለ ዓሣን፣ ወይም እነዚህ ሊገኙበት የሚችሉትን ወለል ሆን ብሎ ያወከ ሰው ጥፋተኛ ነው ይላል። በመካከሉ በ1878 ሳልመን ላልሆኑት የወንዝ ዓሦች ከመጋቢት 15 እስከ ሰኔ 15 የሚዘልቅ የዕረፍት ወቅት ተደንግጓል።

አሁን ሁለቱን አንድ ላይ ተመልከቱ። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ ጠጠር የሚጭር መጫሪያ የጨዋ ሰው ጨዋታ ነው፤ ጠጠር ማወክ ደግሞ ወንጀል ነው። ይህ እርስ በርሱ የሚቃረን ይመስላል እንጂ አይቃረንም። የጋጅን መጫሪያ የሚወርደው የዕረፍቱ ወቅት ካለፈ በኋላ ነው። ሕጉ ድርጊቱን አልጠላም። ጠጠሩ ዕንቁላል ያቀፈ አልጋ በሆነበት ሥፍራና ጊዜ ነካኸው ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። በእኔ አስተያየት በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከተገኙት አስተሳሰቦች የላቀው ይህ ነው። አሜሪካ ግን ሌላ መንገድ ሄደች።

በሰሜን ምዕራብ ኒው ሜክሲኮ የሳን ህዋን ወንዝ አለ። ወንዙ ሞቃትና ድፍርስ ነበር፤ ፓይክሚኖና ሬዘርባክ ሰከር የሚባሉት አገር በቀል ዓሦችም ለዚያ ድፍርስ የተፈጠሩ ነበሩ። በ1956 የኮሎራዶ ወንዝ የውኃ ማከማቻ ሕግ ጸደቀ፤ በ1962 የናቫሆ ግድብ ተጠናቀቀ። ግድቡ ውኃውን የሚለቀው ከታችኛው ክፍሉ ነው፤ ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ሆነ። መንግሥት ትራውት ጨመረበት። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላም ሥፍራው በሰው ሠራሽ ዝንብ ለሚያጠምዱ ሰዎች ስመ ጥር ሆነ። በዚያ ብርድ ውኃ ከሁሉ የሚበዛው የትራውት ምግብ ትናንሽ እጮችና ትሎች ናቸው። እነርሱን በእግር ቀስቅሶ ትራውትን ወደ ራስ የመሳቡ ዘዴም በወንዙ ስም ተጠራ፤ እኔ «የሳን ህዋን ማመስ» እለዋለሁ። ዓሦቹ ከመልመዳቸው የተነሣ አጥማጁ እግሩን ባያንቀሳቅስም እንኳ ከኋላው መጥተው ይሰለፋሉ።

የኒው ሜክሲኮ ደንብ በተለዩ የትራውት ውኃዎች ይህን ማመስ ከለከለ። ጎረቤቲቱ ኮሎራዶም ዓሣን ለመሳብ ወይም ለማሰባሰብ ሲባል የወንዝን ወለል ወይም የውኃ ውስጥ ዕፀዋትን ማወክን ከልክላለች። የእነዚህን ደንቦች አጻጻፍ ከስኮትላንዱ ጋር አስተያዩት። የስኮትላንዱ «ዕንቁላል ሊኖርበት የሚችል ወለል» ይላል፤ የአሜሪካው «ዓሣ ለመሳብ» ይላል። አንዱ ሥፍራውን ይጠብቃል፤ ሌላው የሰውየውን ሐሳብ ይመረምራል።

የሐሳቡ ምርመራ ከየት እንደ መጣ መረዳት አይከብድም። ለእነዚህ አጥማጆች ዓሣ ማጥመድ ፈተና ነው፤ ዓሣውን አጥንቶ፣ ሲመገብ ጠብቆ፣ በጥበብ ማታለል ይጠበቅባቸዋል። ድፍርስ አስነሥቶ መሰብሰብ ለእነርሱ አጋዘንን በጨው ጠርቶ እንደ መተኮስ ነው። ይህ የክብር ጉዳይ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን የክብር ደንብ የጥበቃ ሕግ ልብስ ሲለብስ አንድ ችግር ይከተላል። ጠጠሩ ሐሳብን አያውቅም። ዓሣ ለመሳብ ያመሰው እግርና ወንዝ ለመሻገር የረገጠው እግር ለዕንቁላሉ አንድ ናቸው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ1992 ሮበርትስና ኋይት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሞንታና ያደረጉትን ሙከራ አሳትመዋል። የትራውት ዕንቁላል በጠጠር ውስጥ ቀብረው ሰው በላዩ እንዲራመድበት አደረጉ። ዕንቁላሉና ከጠጠሩ ገና ያልወጣው ጫጩት በሚያድግበት ጊዜ ሁሉ በቀን ሁለት ጊዜ የተረገጠው እስከ 96 በመቶ አለቀ። ሊፈለፈል ሲል አንድ ጊዜ ብቻ የተረገጠው ደግሞ እስከ 43 በመቶ ጠፋ። ልብ አድርጉ፤ እነዚህ ሰዎች ጠጠር አላመሱም፣ ዓሣም አልሳቡም። አጥማጅ ሁልጊዜ እንደሚሄደው ሄዱ እንጂ። በመከራ የተገኘው ይህ ቁጥር የሚከሰው አማሹን ብቻ አይደለም፤ በዕንቁላል ወቅት ውኃ ውስጥ የሚገባውን ጨዋ አጥማጅ ሁሉ ነው። ለዚያ ግን ሞቅ ያለ ክልከላ ሲጠየቅ አይሰማም። ማመስ ነውር ነው፤ መሻገር መብት ነው።

የአማሾቹ ጠበቆች በበኩላቸው ጥሩ መከራከሪያ አላቸው። አንድ ጎርፍ በአንድ ሌሊት የሚያገላብጠውን ጠጠር ሺህ አጥማጅ በዓመት አያገላብጠውም ይላሉ። እውነት ነው። ግን ጎርፍ ወቅት አለው፤ ዓሣውም የመራቢያውን ጊዜ በብዙ ሺህ ዓመታት ከዚያ ወቅት ጋር አስማምቷል። የሰው እግር ግን የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው። ደግሞም ከግድብ በታች ጎርፍ የለም፤ ያጠፋነው እኛ ነን። በዚሁ በሳን ህዋን አገር በቀሎቹን ዓሦች ለመታደግ በ1992 መርሐ ግብር ተቋቁሟል። ከሥራዎቹም አንዱ በፀደይ ወራት ከናቫሆ ግድብ ብዙ ውኃ እንዲለቀቅ በማድረግ የታችኛውን ወንዝ ወለል ማገላበጥና ከደለል ማጽዳት ነው። ስለዚህ በአንድ ወንዝ ላይ አጥማጁ ወለሉን በእግሩ ሲያምስ ይቀጣል፤ መንግሥት ደግሞ በግድብ ውኃ ያምሰዋል፤ ሁለቱም ለዓሣ ሲባል ነው። ካልደፈረሰ አይጠራም የሚለው አባባላችን እዚያ በረሓ ውስጥ በምሕንድስና ሲፈጸም ማየት የሚያስገርም ነው።

ሳን ህዋንን ከመተዋችን በፊት አንድ እውነት ልጨምር። በዚያ ወንዝ ቀስተ ደመና የሚባለው ትራውት በብዛት የሚጨመረው ከማራቢያ ጣቢያ ነው። ስለዚህ «ዕንቁላሉ ይረገጣል» የሚለው ክስ ለማመሱ ስም በሰጠው በዚያው ሥፍራ ከሌሎች ወንዞች ይልቅ ደካማ ነው። እዚያ ያለው ጉዳት በወለሉ ነፍሳት ላይ ነው፤ ዓሣውም እግር ሥር ለምኖ አዳሪ መሆኑ ነው። ክልከላውን እዚያም ቢሆን እደግፈዋለሁ፤ በትክክለኛ ምክንያቱ ግን ይጠራ።

አሁን ወደ አገራችን የሚያሻግረንን ታሪክ ላንሣ። የናቫሆ ግድብ በተጠናቀቀበት በ1962፣ ከሳን ህዋን ሰሜን በግሪን ወንዝ ላይ የፍሌሚንግ ጎርጅ ግድብ ውኃ ሊይዝ ተቃርቦ ነበር። የዋዮሚንግና የዩታ የዓሣ ባለሥልጣናት አዲሱ ሐይቅ ለትራውት እንዲመች አገር በቀሎቹን ዓሦች አስቀድመው ለማጥፋት ወሰኑ። በዚያ ዓመት መስከረም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆን የግሪን ወንዝና የገባሮቹ ክፍል ሮቴኖን የተባለ መርዝ ለቀቁበት። መርዙን ያረክሳል የተባለው ኬሚካል ሳያረክሰው ቀርቶ መርዙ ዳይኖሰር ወደሚባለው ብሔራዊ የጥበቃ ሥፍራ ደረሰ፤ ብዙ ቁጣም አስነሣ። ከእነዚያ ዓሦች ጥቂቶቹ በኋላ ሊጠፉ ከተቃረቡት መዝገብ ገብተው በሕግ ይጠበቁ ጀመር።

ሮቴኖን በቤተ ሙከራ ብቻ የሚታወቅ ነገር አይደለም። በአገራችን የታወቀው የብርብራ ዛፍ ፍሬ ይህንኑ ንጥረ ነገር ይዟል። በገጠር ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ በወንዝ ኩሬ ላይ ይነሰነሳል። ዓሣው በውኃው ውስጥ ያለውን አየር መጠቀም ያቅተውና ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ ሰዉም ለቅሞ ይበላዋል። ብርብራ መበተን፣ እንዲሁም በበጋ ወንዙ ሲቆራረጥ በቀረው ኩሬ ውስጥ ገብቶ ጭቃውን በእግር እያደፈረሱ አምባዛ በእጅ መያዝ፣ ለድሀ ገበሬና ለእረኛ ልጅ የተተዉ የማጥመጃ ዘዴዎች ናቸው። በልጅነቴ ሁለተኛውን ስንሠራ ሕግ አለ ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም። ዛሬ በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓ.ም. በመርዝ ዓሣ ማጥመድ የተከለከለ ነው፤ ክልከላው ትክክል ነው። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ፣ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም። ቢሆንም የታሪክ ተማሪ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ያው ንጥረ ነገር በባለሙያ እጅና በመንግሥት ትእዛዝ ሲፈስ «የዓሣ አያያዝ» ተብሏል፤ በገበሬ ስልቻ ሲመጣ ወንጀል ይባላል።

ከብርብራው ይልቅ ግን ወለሉ ያሳስበኛል። ጣና ሐይቅ በዓለም ላይ እምብዛም የማይገኝ ነገር አለው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሐይቁን ከታችኛው የዓባይ ዓሦች ለይቶት፣ ትልልቆቹ ባርበሶች በውስጡ ወደ 15 ያህል ዝርያዎች ተከፋፍለዋል። አንዳንዶቹ ዕፀዋት ለቃሚ፣ አንዳንዶቹ ቀንድ አውጣ ሰባሪ፣ አንዳንዶቹም ዓሣ አዳኝ ሆነዋል። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር የደረሰው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሳይንስ ገልጿል። በፊሊፒንስ በላናኦ ሐይቅ ይህን የሚመስል የዓሣ ቤተሰብ ነበረ፤ አብዛኛው ጠፍቷል። የጣናው ቀርቷል።

ከእነዚህ ዝርያዎች ሰባት ያህሉ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው ወደ ገባር ወንዞች ይሄዳሉ፤ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማና ግልገል ዓባይ። በወንዞቹ አፍ ተሰብስበው ይቆያሉ፤ ከዚያ ሽቅብ ወጥተው ፈጣንና ጥርት ያለ ውኃ ባላቸው ትናንሽ ጅረቶች ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። የእነዚህ ዓሦች ትውልድ ግን በጥቂት የጠጠር ንጣፎች ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በ1986 የሞተር ጀልባና ረጅም መረብ ወደ ጣና ገባ። ከዚያ በፊት ወይጦዎችና ሌሎች የዳርቻ አጥማጆች ከደንገል በተሠራ ታንኳ በአጭር ርቀት ያጠምዱ ነበር። አዲሶቹ መረቦች በክረምት በወንዞቹ አፍ ሲዘረጉ፣ ለመራባት የተሰበሰበውን ዓሣ በአንድነት ይዘው ይወጣሉ። በ1991 እና በ2001 መካከል በተካሄዱ የናሙና ጥናቶች የትልልቆቹ ባርበሶች መጠን በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል፤ ከሁሉ ይልቅ የቀነሱት ወደ ወንዝ የሚወጡት ናቸው። የታዳጊዎቹ መቀነስ ደግሞ ከዚያም የከፋ ነበር። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የክርክሩ ዐይን መረቡና ብርብራው ላይ ነው። ሆኖም መረቡ ቢነሣ እንኳ ዓሣው ወጥቶ የሚያርፍበት ጠጠር ሊኖር ይገባል። ጠጠሩን ለመንገድና ለግንባታ ከጅረቶቹ የሚጭኑ መኪኖች አሉ፤ በወንዞቹ ላይ ለመስኖ የተሠሩና የሚሠሩ ግድቦች አሉ፤ ከታረሰው ተዳፋት የሚወርደው ደለልም አለ። የአንድ የጭነት መኪና ጎማ የሚያምሰውን የእረኛ እግር በዕድሜ ልኩ አያምሰውም።

ታዲያ ዓሣ ለመሳብ ወለል ማመስ ይከልከል ወይ? ዓሣ ዕንቁላል በሚጥልበት ጠጠር ላይ፣ ዕንቁላሉ ባለበት ወቅት፣ አዎን፤ ያለ ማመንታት። ከዚያ ውጭ፣ በበጋ በሚደርቅ ኩሬ ውስጥ አምባዛ የሚያሳድደውን ልጅ በወንጀል የሚጠይቅ ሕግ አላስፈላጊ ነው እላለሁ። ዓሣው ኩሬው ሲደርቅ መሞቱ አይቀርም፤ ልጁ ደግሞ እራቱን ይዞ ይገባል። ከኮሎራዶ ደንብ «ዓሣ ለመሳብ» የምትለዋን ሐረግ መገልበጥ አያሻንም። ሐሳብን መመርመር ለዳኛ ከባድ ነው፤ ለወንዝ ጠባቂ ደግሞ ጉልበት አሳይቶ ድሀ ለመያዝ በር ይከፍታል። «ጠጠሩን ለዓሣ አመስከው ወይስ እግርህን ለመታጠብ?» ተብሎ የሚጠየቅ ገበሬ መልሱ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

የሚሻለው የስኮትላንዱን አቅጣጫና የ1285ቱን አጻጻፍ ማጣመር ነው። ሥፍራው በስሙ ይጠራ፤ ወቅቱም ሕዝቡ በሚያውቀው በዓል ይወሰን። ለጉማራ ዳር ገበሬ «በመራቢያ ወቅት» ከማለት ይልቅ ከዚህ በዓል እስከዚህ በዓል፣ ከዚህ መሻገሪያ እስከዚህ መሻገሪያ፣ ማንም ሰው ጠጠሩ ላይ አይውረድ ማለት ይቀላል። ማንም ስል ማንም ማለቴ ነው፤ አጥማጁም፣ ከብት ነጂውም፣ ናሙና ሰብሳቢ ተመራማሪያችንም ጭምር።

እዚህ ላይ ግን ያመሰገንሁት የእንግሊዝ ሕግ አንድ ቀዳዳ አለው፤ ሳልጠቅሰው ብወርድ ሐቀኛ አልሆንም። የ1975ቱ አንቀጽ ወለልን ማወክን ሲከለክል፣ ከውኃው ውስጥ ቁስ ለማውጣት ሕጋዊ መብት ያለውን ሰው ከክልከላው ውጭ አድርጎታል። ጠጠር የሚጭን ባለፈቃድ በዚህ አንቀጽ አይነካም ማለት ነው። እግሩን የሚያንቀሳቅስ አጥማጅ ይጠየቃል፤ ወለሉን ራሱን ይዞ የሚሄደው ፈቃዱን ያሳያል።

በጣና ገባሮች ይህ ቀዳዳ ከአጥሩ ይሰፋል። ጠጠር በብዛት የሚወጣው በበጋ ነው፤ ወንዙ ሲጎድልና መኪና መግባት ሲችል። በዚያን ጊዜ በጠጠሩ ውስጥ ዕንቁላል የለም፤ ስለዚህ በወቅት ላይ ብቻ የተመሠረተ ሕግ ጫኙን ንጹሕ ያደርገዋል። ዓሣው ግን ሐምሌ ላይ ሲወጣ ጠጠሩን አያገኘውም። ለእግር የወቅት ክልከላ ይበቃል፤ ለአካፋና ለመኪና ግን ክልከላው ዓመቱን ሙሉ መሆን አለበት፤ የፈቃድ ወረቀትም ሊያስቀረው አይገባም። የሕግ ተማሪዎች በአዳራሹ ውስጥ እንዳላችሁ አያለሁ፤ የጠጠር ፈቃድ የሚሰጠውና ዓሣን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት በየወረዳው አንድ ይሁኑ ወይስ ሁለት፣ ሁለት ከሆኑም አንዱ ለሌላው ደብዳቤ ይጽፍ እንደ ሆነ አጣርታችሁ ብትመጡ፣ የሚቀጥለውን ውይይት ከዚያ እንጀምረዋለን።